በአየር መግቢያ ቫልቭ ላይ የሚጋገር ጥቀርሻ፤ አመጣጡና አጸዳዱ

ነዳጅን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር በሚረጩ የመስክ መኪና ሞተሮች

መግቢያ

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለልማት ሠራተኞችና የመስክ መኪና ላላቸው የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ዩኒየኖች ነው። እኛ የሰብል ባለሙያዎች እንጂ መካኒኮች አይደለንም። ስለዚህ ስለ ቫልቭ መጻፋችን ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ሳይሆን አይቀርም። ይሁን እንጂ የተመረጠ ዘር በጊዜው እንዳይዘራ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ የመኪና መቆም መሆኑን በሥራችን ላይ ደጋግመን አይተናል። ከዚህም ሌላ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን መኪና በጥንቃቄ ይዞ ለረጅም ጊዜ ማሠራት ግድ ሆኗል።

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነን የደረሰብን ነገር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሐምሌ መጀመሪያ ላይ የስንዴ ዘር የጫነ ባለናፍጣ ፒክአፕ መኪናችን ዳገት አልወጣም አለ። ሾፌሩ «ደጋ ስለሆነ ነው፣ አየሩ ሳስቶ ነው» አለ። እኛም አመንነው። ነገሩ ሲብስ መኪናው ወደ አንድ ጋራዥ ተወሰደና አራቱም ኢንጄክተሮች ተቀየሩ። ለዚህም ለዓመቱ ጥገና ከተያዘው ገንዘብ አብዛኛው ወጣ። መኪናው ግን እንደ ቀድሞው ነበር። በመጨረሻ አንድ ሌላ መካኒክ የአየር ማስገቢያውን ማኒፎልድ ሲፈታ፣ አውራ ጣት በሰፊው ሊያስገባ የሚገባው ቀዳዳ ትንሿን ጣት እንኳ የማያስገባ ሆኖ ተገኘ። ቀሪው ሁሉ በጥቁር ጥቀርሻ ተደፍኖ ነበር። ዘሩ ከታሰበው ቀን 12 ቀን ዘግይቶ ደረሰ። በዚያ መካከል አብዛኞቹ ገበሬዎች ቤት የነበራቸውን ዘር ዘርተው ጨርሰው ነበር። እኛ ይዘንላቸው የሄድነው ዘር የዚያን ዓመት መሬት ሳያይ ወደ መጋዘን ተመለሰ።

ጥቀርሻው ከየት ይመጣል?

በድሮው የቤንዚን ሞተር ነዳጁ በካርቡራተር ወይም ከቫልቩ በስተጀርባ በተተከለ ኢንጄክተር አማካይነት ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ይገባ ነበር። ቤንዚኑ በመግቢያው ቫልቭ ጀርባ ላይ እየፈሰሰ ስለሚያልፍ ቫልቩን ያለማቋረጥ ያጥበዋል። ነዳጅን በቀጥታ የሚረጭ ሞተር ግን ነዳጁን የሚቀበለው በሲሊንደሩ ውስጥ ነው። በመግቢያው ቫልቭ በኩል የሚያልፈው አየር ብቻ ነው። እዚህ ላይ «አየር ብቻ» ማለታችን እንዲህ ቢሆን መልካም ነበር ለማለት ነው እንጂ በእውነቱ ከአየሩ ጋር ሌላ ነገርም አብሮ ይገባል።

አንደኛው የዘይት ጉም ነው። ሞተሩ ሲሠራ ከሲሊንደሩ ጥቂት ጋዝ በፋሻዎቹ አጠገብ ሾልኮ ወደ ታች፣ ዘይት ወዳለበት ክፍል ይወርዳል። በጥንት ሞተሮች ይህ ጋዝ በቱቦ ወደ ሜዳ ይለቀቅ ነበር። አሁን ግን አየር እንዳይበክል ተመልሶ ወደ አየር ማስገቢያው እንዲገባና እንዲቃጠል ይደረጋል። ሲመለስም የዘይት ጉም ይዞ ይመጣል። ከቫልቩ ግንድ ጋር ያለው የዘይት መከላከያ ጎማ ያረጀ እንደ ሆነም ዘይት ከላይ ይንጠባጠባል። ሁለተኛው፣ በተለይ በዘመናዊ የናፍጣ ሞተሮች፣ ከጭስ ማውጫው ተቀንሶ እንደገና ወደ ሞተሩ እንዲገባ የሚደረገው ጭስ ነው። መካኒኮች ኢጂአር የሚሉት ክፍል ይህን የሚቆጣጠረው ነው። ዓላማው የቃጠሎውን ሙቀት አብርዶ ጎጂ ጋዝ መቀነስ ሲሆን፣ ችግሩ ግን የናፍጣ ጭስ ጥላሸት የያዘ መሆኑ ነው። ጥላሸቱ ከዘይቱ ጉም ጋር ተገናኝቶ እንደ ሬንጅ ይለጠፋል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እናቶቻችን ከማንም ይበልጥ ያውቁታል። አዲስ ምጣድ ሲሟሽ የጎመን ዘር እየተቀባ በእሳት ላይ ይቆያል። ዘይቱ በሙቀት ደርቆ ከሸክላው ጋር አንድ ይሆናል፤ ጠቁሮም ያብረቀርቃል። ከዚያ በኋላ በውሃ ቢታጠብ አይለቅም። የቫልቩም ጀርባ እንዲሁ በየቀኑ በትንሽ በትንሹ «ይሟሻል»። ልዩነቱ ምጣዱን ሆን ብለን ማሟሸታችንና ጠቃሚ መሆኑ ነው። በቫልቭ ላይ ግን ሽፋኑ እየወፈረ አየር ያግዳል፤ የአየሩንም አዙሪት ያዛባል፤ ሲብስም ቫልቩ በመቀመጫው ላይ ልክ እንዳይገጥም ያደርጋል።

በቤንዚን በኩል ይህ ጣጣ በብዛት የተሰማው ሚትሱቢሺ እ.ኤ.አ. በ1996 በኤሌክትሮኒክ የሚታዘዝ ቀጥታ ረጪ ሞተር ለገበያ ካቀረበና ሌሎችም ፋብሪካዎች ከተከተሉት በኋላ ነው። ቶዮታና ሌሎች አንዳንድ ፋብሪካዎች በኋላ በአንድ ሞተር ላይ ሁለቱንም ዓይነት ኢንጄክተር መግጠም ጀመሩ። የዚህ አሠራር አንዱ ጥቅም ከቫልቩ ጀርባ የሚረጨው ነዳጅ ቫልቩን ማጠቡ ነው። እንዲህ ያለ ሞተር ያለው ማኅበር ከዚህ ሥራ ብዙውን ጊዜ ነፃ ነው።

የመስኖ ፓምፕን በሚመለከትም አንድ ነገር እንጨምር። በየወንዙ ዳር ያሉት ባለአንድ ሲሊንደር የናፍጣ ፓምፖችና ብዙዎቹ የቆዩ ትራክተሮች ነዳጅን በቀጥታ የሚረጩ ቢሆኑም ጭስ መልሰው አያስገቡም። በእነዚህ ላይ ጥቀርሻ የሚበዛው በጭስ መውጫው በኩልና በኢንጄክተሩ ጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አንብቦ ደህና የሚሠራ ፓምፕ የሚፈታ ሰው እንዳይኖር እናሳስባለን።

ምልክቶቹና ከሌላ ችግር የሚለዩበት

ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ሲነሣ በሚኒሞ ይንቀጠቀጣል፤ ሲሞቅ ይሻለዋል። ጭነት ሲበዛበት ጉልበት ያንሰዋል፤ ነዳጅ ሲሰጠው ይዘገያል፤ የነዳጅ ፍጆታውም ይጨምራል። ናፍጣ ከሆነ ጥቁር ጭስ ይበዛል። በቤንዚን ሞተር ላይ የምርመራ መሣሪያ ሲሰካ ብዙ ጊዜ ከፒ0300 ጀምሮ ያሉት ቁጥሮች ይወጣሉ። ፒ0301 ማለት ለምሳሌ አንደኛው ሲሊንደር ቃጠሎ ይስታል ማለት ነው።

የሾፌራችን አባባል ፈጽሞ ስሕተት አልነበረም። ከባሕር ወለል በላይ በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር ወደ አንድ አራተኛ በሚጠጋ ያንሳል። ስለዚህ በደጋ ጉልበት መቀነሱ የተፈጥሮ ነው። ነገር ግን ደጋው ትናንትም ደጋ ነበር። ያው መኪና፣ ያው መንገድ፣ ያው ጭነት ሆኖ አምና በሦስተኛ ማርሽ የወጣውን ዳገት ዘንድሮ በመጀመሪያ ማርሽ የሚወጣ ከሆነ ጥፋቱ የከፍታው አይደለም። ይህን ለማወቅ የሾፌሩ ማስታወሻ ደብተር ከማንኛውም መሣሪያ ይልቅ ይጠቅማል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ርካሹ ነገር ይታይ። የአየር ማጣሪያው በአቧራ ተደፍኖ እንደ ሆነ፣ በአየር ቱቦዎቹ ላይ ስንጥቅ ካለ፣ የቤንዚን ሞተር ከሆነ ካንዴላዎቹ፣ ናፍጣ ከሆነ የነዳጅ ማጣሪያው መመርመር ይኖርባቸዋል። እነዚህ ደህና ከሆኑ በአየር ማስገቢያው በኩል ቀጭን የካሜራ ገመድ አስገብቶ ቫልቩን ማየት ነው። ከስልክ ጋር የሚገጠመው ዓይነት ለዚህ ይበቃል። ካሜራ ከሌለ ማኒፎልዱ ይፈታል። ሳያዩ ዕቃ መቀየር ምን እንደሚያስከትል ከላይ ተናግረናል።

ከነዳጅ ጋር የሚጨመረው መድኃኒት አይበቃም ወይ?

ይህን ጥያቄ በየሥልጠናው እንጠየቃለን። ወደ ነዳጅ ታንክ የሚጨመረው ማጽጃ ነዳጁ የሚሄድበትን መንገድ ተከትሎ ነው የሚሄደው። በቀጥታ ረጪ ሞተር ነዳጁ በመግቢያው ቫልቭ ጀርባ አያልፍም። ስለዚህ መድኃኒቱ የኢንጄክተሩን ጫፍ ሊያጸዳ ይችል ይሆናል እንጂ ቫልቩን አይነካውም። ሥሩ በበሽታ የተጠቃን ተክል ቅጠሉን እንደ መርጨት ነው።

ሞተሩ እየሠራ ሳለ በአየር ማስገቢያው በኩል የሚነፋ ማጽጃም አለ። በቤንዚን ሞተር ላይ ጥቀርሻው ገና ስስ ሳለ መጠነኛ ጥቅም ይሰጣል፤ የጠጠረውን ግን አያስለቅቅም። በአንድ ጊዜ ብዙ ቢነፋ ደግሞ የተሰበረ ቅርፊት በተርቦው ላይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። በናፍጣ ሞተር ላይ ግን ተቀጣጣይ ማጽጃ በአየር መግቢያ መንፋት ፈጽሞ ክልክል መሆን አለበት። የናፍጣ ሞተር ያገኘውን ተቀጣጣይ ነገር ሁሉ ያለ ካንዴላ ስለሚያቃጥል፣ ቁልፍ ቢዘጋም እንኳ ሳይቆም ፍጥነቱ ከልክ አልፎ ሊሰባበር ይችላል።

የጽዳቱ ሥራ

ሥራው ልምድ ባለው መካኒክ እንዲሠራ እንመክራለን። ሆኖም የማኅበሩ ኃላፊ አሠራሩን ካወቀ ምን እንደሚጠይቅና ምን እንዳይደረግ እንደሚከለክል ያውቃል።

ሞተሩ በሚገባ ከቀዘቀዘ በኋላ ባትሪው ይነቀል። የነዳጅ ቱቦ ሳይነካ በፊት ግፊቱ መልቀቅ አለበት። በቤንዚን ቀጥታ ረጪ ሞተር የነዳጁ ግፊት ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 200 ባር ይደርሳል፤ በአዳዲሶቹ ከዚያም ይበልጣል። በዘመናዊ ናፍጣ ደግሞ ከ1,600 ባር በላይ ይሄዳል። በዚህ ግፊት የሚወጣ ነዳጅ ቆዳን ይበሳል። ፍሳሽ በጣት አይፈለግም። ነዳጅ ሰውነት ውስጥ የገባበት ሰው ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት።

ማኒፎልዱ ሲፈታ ቡሎኖቹ በየተራቸው በካርቶን ላይ ይሰኩ። ከዚያም ክፍት የሆነው የቴስታታ ቀዳዳ ሁሉ ወዲያውኑ በንጹሕ ጨርቅ ይደፈን፤ ስንት ጨርቅ እንደገባም ተቆጥሮ ይጻፍ። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ የወደቀ ዳዶ ወይም የተረሳ ጨርቅ ቴስታታ ያስወርዳል።

የሥራው ቁልፍ ነገር ይህ ነው፤ የሚጸዳው ቫልቭ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ መሆን አለበት። ቫልቩ በጥቂቱ እንኳ ከተከፈተ ፈሳሹና የተፋቀው ቅርፊት ወደ ሲሊንደሩ ይወርዳል። በአንድ ዩኒየን የቤንዚን መኪና ላይ ይህ ደርሶ አይተናል። የፋቀው ልጅ ትጉህ ነበር፤ አራቱንም ሲሊንደር በአንድ ቁመት ላይ እንዳለ ፋቃቸው። ሞተሩ ሲነሣ አንዱ ቫልቭ በቅርፊት ተይዞ አልገጥም አለና ግፊቱ ጠፋ። ያ መኪና ቴስታታው ወርዶ እስኪሠራ ድረስ የማዳበሪያ ማጓጓዣው ወራት አለፈ።

ስለዚህ የሞተሩ ዘንግ በፊት በኩል ባለው ቡሎን በቁልፍ፣ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ብቻ፣ በእጅ ይዙር። አንደኛው ፒስቶን በመጭመቂያው ምት ላይኛው ጫፍ ላይ ሲደርስ የዚያ ሲሊንደር ቫልቮች ሁሉ ተዘግተዋል ማለት ነው። በባትሪ መብራት አይቶ ማረጋገጥም ይቻላል፤ ቫልቩ ወርዶ፣ ተመልሶ፣ መቀመጫው ላይ ሲያርፍ ይታያል። የቃጠሎው ተራ 1-3-4-2 በሆነ ባለአራት ሲሊንደር ሞተር ላይ አንደኛው ከተጸዳ በኋላ ዘንጉ ግማሽ ዙር ሲዞር የሦስተኛው ተራ ይሆናል፤ ሌላ ግማሽ ዙር አራተኛው፣ ሌላ ግማሽ ዙር ደግሞ ሁለተኛው። ዘንጉ ከመዞሩ በፊት ግን የተጸዳው ቀዳዳ ውስጥ አንዲት ፍርፋሪ እንኳ መቅረት የለባትም።

ከዚያ በኋላ ለካርቦን የተሠራ ማጽጃ የቫልቩን ጀርባ እስኪሸፍን ብቻ ይፈስሳል። መጀመሪያ ጥቂት ተደርጎ ለአምስት ደቂቃ ይጠበቅ። ፈሳሹ ከጎደለ ቫልቩ አይገጥምም ማለት ስለሆነ፣ የቀረው ተመጥጦ ሥራው ይቁም፤ ካንዴላው ሳይፈታም ሞተሩ እንዳይነሣ። ፈሳሽ የሞላበት ሲሊንደር ሊጨመቅ ስለማይችል የፒስቶኑን ክንድ ያጣምማል። ፈሳሹ ካልጎደለ በማጽጃው ዕቃ ላይ የተጻፈውን ያህል ጊዜ ይቆያል። ከዚያ በኋላ በናይለን ወይም በነሐስ ብሩሽ ይፈተጋል። የጠጠረውን ለመፋቅ እኛ ጫፉ የተሾለ የቀርከሃ እንጨት ጥሩ ሆኖ አግኝተነዋል፤ ብረቱን አይቧጭርም፤ ሲደንዝም እንደገና ይሾላል። በካቻቢቴ መፋቅ የቫልቩን ግንድና መቀመጫ ስለሚያበላሽ መከልከል አለበት።

የቆሸሸውን ፈሳሽ ለማውጣት በቱቦ የተቀጠለ ትልቅ የእንስሳት ሕክምና ሲሪንጅ በደንብ ይሠራል። እርግጥ ነው ያ ሲሪንጅ ከዚያ በኋላ ለከብት አይመለስም፤ ቀይ ቀለም ይቀባና በመኪናው ዕቃ ሣጥን ይቀመጥ። ቀጥሎ በጨርቅ ይደርቃል፤ በመምጠጫ ይጸዳል፤ የቀረው በኮምፕሬሰር አየር ይነፋል። ወፍራም ጥቀርሻ በአንድ ጊዜ አይለቅም። ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም የተለመደ ነው፤ ለአንድ ሞተር አንድ ሙሉ ቀን መያዝ ይገባል።

በትልልቅ ጋራዦች የሚሠራበት ሌላው ዘዴ የተፈጨ የዋልነት ቅርፊት በኮምፕሬሰር አየር መንፋት ነው። ቅርፊቱ ካርቦኑን ለመስበር የሚበቃ ጥንካሬ አለው፤ ከብረትና ከአሉሚኒየም ግን ስለሚለሰልስ አይቧጭራቸውም። መምጠጫው ከማስነፊያው ጋር አብሮ የተገጠመ መሆን አለበት። መሣሪያው ባለበት ከተማ ይህ ፈጣኑና ጥሩው መንገድ ነው። «ቅርፊት ካልተገኘ በአሸዋ አይሆንም ወይ?» ለሚሉ መልሳችን ፈጽሞ አይሆንም ነው። አሸዋ ብረትን ይበላል፤ አንድ ቁንጥር ቢቀር ሲሊንደሩን ይጨርሰዋል።

በኮስቲክ ሶዳና በምድጃ ማጽጃም የሚሠሩ አሉ። ኮስቲክ ሶዳ ካርቦኑንና ዘይቱን ማላላቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን አሉሚኒየምንም ይበላል። የዘመናዊ መኪና ቴስታታ ደግሞ አሉሚኒየም ነው።

በናፍጣ ፒክአፕ ላይ ከቫልቩ ይልቅ የሚብሰው ማኒፎልዱና ኢጂአሩ ናቸው። ደስ የሚለው፣ እነዚህ ከሞተሩ ተለይተው ስለሚወጡ በሜዳ ላይ ያለ ስጋት መታጠብ መቻላቸው ነው። ማኒፎልዱ ላዩ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ነክ ዕቃ ከተነሣለት በኋላ በናፍጣ በተሞላ በርሜል ውስጥ ሲዘፈዘፍ አድሮ በማግስቱ ይፋቃል። የእኛን መኪና ማኒፎልድ ስናጸዳ የወጣው ጥቀርሻ አንድ ትልቅ ጣሳ ሞልቶ ነበር። የኢጂአሩ የኤሌክትሪክ ክፍል ግን ፈሳሽ ውስጥ አይገባም፤ በብሩሽና በጨርቅ ብቻ ይጠረጋል።

በሥራው ጊዜ የዓይን መከላከያ መነጽርና ጓንት ይደረግ፤ ሥራው በክፍት ቦታ ይሠራ፤ ሲጋራም አይጨስ። የተጠቀሙበት ፈሳሽና ዘይት በጀሪካን ተጠራቅሞ የተቃጠለ ዘይት ለሚረከቡ ይሰጥ። ወደ ቦይ፣ ወደ ጉድጓድ ውሃ አጠገብ ወይም ወደ ማሳ አይደፋ። ማጽጃ የፈሰሰበት የመኪና አልጋም ሳይታጠብ ዘር አይጫንበት።

ከተጸዳ በኋላ

ካንዴላዎቹ (በናፍጣ ከሆነ ማሞቂያዎቹ) እንደ ወጡ ሞተሩ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ይዙር። የሚያግድ ነገር ከተሰማ በግድ አይገፋም፤ ምክንያቱ ይፈለጋል። ከዚያ ጨርቆቹ ተቆጥረው ይውጡ። ማኒፎልዱ በአዲስ ጓርኒሲዮን ይገጠም፤ ቡሎኖቹም ከመካከል ጀምሮ ወደ ዳር በተራ፣ ፋብሪካው በወሰነው ልክ ይጥበቁ። አሮጌው ጓርኒሲዮን ተመልሶ ከተገጠመ አየር ይሾልክና ያው መንቀጥቀጥ ተመልሶ ይመጣል፤ ሰውም «ጽዳቱ አልጠቀመም» ይላል።

ሞተሩ ሲነሣ ለጥቂት ደቂቃ ቢያጨስ አያስደነግጥም። ጭነት ከመጫኑ በፊት ዘይቱና የዘይት ማጣሪያው ይቀየር፤ ምንም ያህል ጥንቃቄ ቢደረግ ጥቂት ማጽጃ ወደ ዘይቱ መውረዱ አይቀርምና።

ጥቀርሻው ተመልሶ እንዳይመጣ ፈጽሞ ማድረግ አይቻልም፤ ማዘግየት ግን ይቻላል። ዋናው ፋብሪካው ያዘዘውን ዓይነት ዘይት በጊዜው መቀየር ነው። በአቧራማ መንገድ የሚሠራ መኪና በመጽሐፉ ከተጻፈው ኪሎ ሜትር ቀድሞ መቀየር ይኖርበታል። ዘይት ከልኩ በላይ መሙላት ጉሙን ያበዛዋል። የጋዝ መመለሻው ቱቦና ቫልቭ በየሰርቪሱ ይታይ። ሾፌሮች ሞተር አስነሥተው ስብሰባ እስኪያልቅ በሚኒሞ የሚጠብቁበት ልማድም መቅረት አለበት። ይህን ስንል ስብሰባ የምናስረዝመው እኛው መሆናችንን አንዘነጋም።

ቀጥታ ረጪ የቤንዚን ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ከ60,000 እስከ 100,000 ኪሎ ሜትር ባለው መካከል መታየት ይኖርበታል። የናፍጣው እንደ መንገዱና እንደ ዘይቱ ይለያያል፤ እኛ በየዓመቱ ካሜራ እናስገባለን። ምርመራው በሚያዝያ ቢደረግ ይመረጣል። ጓርኒሲዮን ከከተማ ለማስመጣት ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ የዘር ጭነት ደግሞ በግንቦት መጨረሻ ይጀምራል። በምርመራው ቀን የኪሎ ሜትሩ ቁጥር፣ የእያንዳንዱ ቫልቭ ፎቶግራፍና የተቀየረው ዘይት ዓይነት በመኪናው ደብተር ይመዝገብ፤ ሾፌር ሲቀየርም ደብተሩ ከመኪናው ጋር ይቆይ።